ምንጣፉ ከመነጠፉ በፊት ወለሉ ይታይ

ክቡር አዘጋጅ ሆይ፤

በጋዜጣችሁ የአንባብያን ዓምድ ላይ ስለ መንገድ፤ ስለ ውኃ፤ ስለ ቤት ኪራይና ስለ ጉዳይ መጓተት ብዙ ወንድሞችና እኅቶች ሲጽፉ አነባለሁ። እኔ ዛሬ የማቀርበው ነገር ከእነዚህ ሁሉ ያነሰ ይመስል ይሆናል፤ ይኸውም ስለ ወለልና ስለ ወለል ምንጣፍ ነው። ያውም ስለ ትልቅ አዳራሽ ወለል ሳይሆን፤ የመስክ ሠራተኞች ስለሚያድሩባት፤ በመኪና ስለምትጎተት፤ በተለምዶ ካራቫን ስለምንላት ጠባብ ቤት ወለል ነው። ሰው በእግሩ የሚረግጠውን ነገር ዝቅ አድርጎ ስለሚያይ፤ ጉዳዩ ለጋዜጣ የማይበቃ ይመስለዋል። ነገር ግን የሰው እግር የተሰበረበትና የመንግሥት ገንዘብ ሁለት ጊዜ የወጣበት ነገር እንዴት ትንሽ ይባላል? ስለዚህ ይህን አስተያየቴን ታወጡልኝ ዘንድ በትሕትና እለምናለሁ።

ካራቫን ምን እንደሆነች ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ልግለጽ። ከብረት በተበየደ ሻንሲ ላይ የቆመች፤ ግድግዳዋ በቀጭን ላሜራ የተለበደ፤ ወለልዋ ከኮምፔርሳቶ የተሠራ፤ ጎማ ያላት አንዲት ክፍል ናት። የእኛ መሥሪያ ቤት ካራቫን ከውስጥ ስትለካ ርዝመትዋ 6 ሜትር፤ ወርድዋ 2 ሜትር ከ20 ሳንቲ ሜትር ነው። በቀኝ ግድግዳዋ በኩል ሁለት አልጋ፤ አንድ ጠረጴዛና አንድ ቁም ሣጥን በተርታ ተደርድረዋል፤ በግራ በኩል በርና ትንሽ ማብሰያ አለ። ቀያሾቻችን ሆቴል ቀርቶ ጎጆ በሌለበት ቦታ የሚያድሩት በእርስዋ ውስጥ ነው። ዛሬ በአዋሽ በረሃ ስትጠበስ የሰነበተች ካራቫን ከሁለት ሳምንት በኋላ በጣርማ በር ጉም ውስጥ ትቆማለች። በከተማ ቤት ያለ ወለል ይህን የመሰለ መከራ አይደርስበትም።

ባለፈው ክረምት ከቀያሾቻችን አንዲቱ ወጣት ሌሊት ከአልጋዋ ወርዳ አንድ እርምጃ እንደ ተራመደች፤ ወለሉ ተሰንጥቆ እግርዋ እስከ ባትዋ ድረስ ወደ ታች ሰመጠ። ቁርጭምጭሚትዋ ተሰብሮ ብዙ ሳምንት በጀሶ ታስራ ተቀመጠች። የሚያስገርመው ነገር፤ በመዝገብ ቤት ባለው ፋይል ላይ የካራቫንዋ ወለል ከሁለት ዓመት በፊት ታድሶ "በመልካም ሁኔታ ላይ ይገኛል" ተብሎ ተጽፎበታል። በእርግጥም ላዩን ለተመለከተው መልካም ነበር፤ ቀይ አበባ ያለበት የሚያብለጨልጭ የፕላስቲክ ምንጣፍ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ተለጥፎበታል። አደጋው ከደረሰ በኋላ ጉዳዩን የሚመረምርና አዲስ ወለል የሚያሠራ ኮሚቴ ሲቋቋም፤ እኔም ወደዚያ ክፍል ተዛውሬ የመጣሁ ስለ ነበርሁ አንዱ አባል እንድሆን ታዘዝሁ። ከዚህ በታች የምጽፈው ከዚያ ሥራ ያገኘሁትን ዕውቀት ነው።

መጀመሪያ ያደረግነው ነገር አሮጌውን ምንጣፍ መግፈፍ ነበር። ሲገፈፍ የወጣው ሽታ የቆየ ጉድጓድ የተከፈተ ያስመስል ነበር። ኮምፔርሳቶው ጠቁሮ፤ ሽፋን በሽፋን ተላልጦ፤ በካቻቢቴ ስንወጋው እንደ ተነከረ ዳቦ ይገባ ነበር። ምክንያቱን ስንከታተል ከወለሉ ሳይሆን ከመስኮቱ አገኘነው። በበረሃ ፀሐይ የመስኮቱ ጎማ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ ክረምት ሲመጣ ውኃው በስንጥቁ ገብቶ በግድግዳው ውስጥ እየወረደ ከምንጣፉ ሥር ይተኛል። ፕላስቲክ ደግሞ ውኃን ከላይ እንደማያስገባ ሁሉ ከታችም አያስወጣም። እንጨቱ አየር አጥቶ ሁለት ዓመት ሙሉ ታፍኖ በሰበሰ። እንግዲህ ያ የሚያብለጨልጭ ምንጣፍ ወለሉን አልጠበቀውም፤ መበስበሱን ከዓይን ሰወረው እንጂ። ቁስል ሳይታጠብ በነጭ ፋሻ ቢጠቀለል ሕመሙ እንደማይድን ሁሉ፤ የሚያፈሰው ቀዳዳ ሳይደፈን የሚነጠፍ ምንጣፍም እንዲሁ ነው።

ወለልን ማልበስ ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። በገጠር ባለቤትዋ ወለሉን በእበት ለቅልቃ አቧራውን ታስተኛለች፤ በበዓል ቀን ቄጠማ ትጎዘጉዛለች፤ እንግዳ ሲመጣ ጅባ ወይም ሰሌን ይዘረጋል፤ ለክቡር እንግዳ ደግሞ አጎዛ ይነጠፋል። እነዚህ ሁሉ አንድ ጠባይ አላቸው፤ ይኸውም የሚነሡ፤ የሚራገፉና ፀሐይ የሚሞቁ መሆናቸው ነው። ሥራቸው ያለውም መሬት በየጊዜው ይተነፍሳል። ተንቀሳቃሽ ቤትም ቢሆን አባቶቻችን የሚያውቁት ነው። ነገሥታቱ ከሰፈር ወደ ሰፈር ሲዘዋወሩ ቤተ መንግሥታቸው ድንኳን ነበር፤ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1520ዎቹ በዓፄ ልብነ ድንግል ሰፈር የተቀመጠው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በድንኳኖቹ ውስጥ ስለ ተነጠፉት ምንጣፎች ጽፎአል። በአውሮፓም ለሽርሽር ተብሎ የተሠራ ተጎታች ቤት ታሪክ ሲነሣ በቀዳሚነት የምትጠቀሰው፤ ጎርደን ስቴብልስ የተባለ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ሐኪም የነበረ ስኮትላንዳዊ በ1885 አሠርቶ በፈረስ እያስጎተተ የተዘዋወረባት "ዋንደረር" የተባለችው ጋሪ ናት።

ተጠቅልሎ የሚሸጠው ለስላሳ የወለል ልብስም የራሱ ታሪክ አለው። ፍሬደሪክ ዋልተን የተባለ እንግሊዛዊ በ1863 የፈጠራ መብት ያገኘበት ሊኖሊየም ዋና ቅመሙ የተልባ ዘይት ነው። ዘይቱ አየር እያገኘው ሲረጋና ሲጠጥር ከቡሽ ዱቄት ጋር ተለውሶ በጨርቅ ላይ ይዳመጣል፤ ስሙም ተልባና ዘይት ከሚሉት ሁለት የላቲን ቃላት የተገጣጠመ ነው። ዛሬ በመርካቶ ተጠቅልሎ ቆሞ የምናየው ግን አብዛኛው ፒቪሲ ከሚባለው ፕላስቲክ የተሠራ ነው። መልኩ እንጨትም፤ እብነ በረድም፤ አበባም ሊመስል ይችላል፤ ጠባዩ ግን የፕላስቲክ ነው፤ ሲሞቅ ይለጠጣል፤ ሲበርድ ይኰማተራል።

ኮሚቴው ከተነጋገረ በኋላ እኔና አንድ የሥራ ባልደረባዬ ገበያውን እንድናጠና ወደ መርካቶ ተላክን። በጣልያን ወረራ ዘመን የአገሬው ገበያ ከአራዳ ተለይቶ ሲቋቋም የተቆረቆረው ይህ ሰፈር፤ ዛሬም ሰው የማያገኝበት ነገር የለም ይባላል። እኛ ግን ዕቃ ከማየታችን በፊት በወረቀት ላይ ሒሳብ ሠራን። የወለሉ ስፋት 13 ሜትር ካሬ ከ20 ነው። እንደ ኮንዶሚኒየም ወለል 3 ሳንቲ ሜትር ሊሾ ይፍሰስበት ቢባል ክብደቱ 800 ኪሎ ግራም ገደማ ይሆናል። ሴራሚክ ቢነጠፍበት በካሬ ሜትር ወደ 20 ኪሎ ስለሚመዝን 260 ኪሎ ያህል ነው፤ ከዚህም በላይ ካራቫንዋ በኮረኮንች መንገድ ስትናወጥ ወለልዋ ስለሚተጣጠፍ፤ መታጠፍ የማያውቀው ሴራሚክ ይሰነጠቃል። ከእንጨት ዱቄት ተጨምቆ የሚሠራው 8 ሚሊ ሜትር ፓርኬ 90 ኪሎ ገደማ ነው፤ ነገር ግን ውኃ ሲያገኘው ያብጣል። 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የፕላስቲክ ምንጣፍ ግን ከ40 ኪሎ አይበልጥም። ሞኬት ቀላልና ለእግር የሚሞቅ ቢሆንም፤ ውኃ በጀሪካን በሚቀዳበት ሰፈር ጭቃ የጠጣ ሞኬት እንዴት ይታጠባል?

ይህን ሒሳብ ሲያይ "ካራቫን በሬ አይደለችም ወይ፤ ትሸከም!" ያለ ባልደረባ ነበር። እኔም የመለስሁለት፤ ክብደቱን የምትሸከመው ካራቫንዋ ብቻ ሳትሆን ጎማዋ፤ ባሌስትራዋና የሚጎትታት መኪና ነዳጅ ጭምር እንደሆኑ ነው። በቁልቁለት ላይ 800 ኪሎ ትርፍ ጭነት ከኋላ ሲገፋ ሾፌሩ ፍሬኑን ምን ያህል እንደሚያምነው ሾፌሮቻችንን መጠየቅ ነው።

በመርካቶ በመጀመሪያ የገባንበት ሱቅ ውስጥ አንድ ወጣት ሻጭ በአክብሮት ተቀበለን።

"ጋሼ፤ የትኛውን ላውርድልዎት? ይኼ አበባ ያለው አሁን በጣም የሚወሰድ ነው።"

"ውፍረቱ ስንት ነው?" አልሁት።

"ወፍራም ነው ጋሼ፤ አይስጉ።"

"ስንት ሚሊ ሜትር?"

ልጁ ፈገግ አለና "እውነቱን ልንገርዎት ጋሼ፤ ሰው የሚጠይቀኝ ስለ ቀለሙና ስለ ዋጋው ነው፤ ሚሊ ሜትር የጠየቀኝ ሰው የለም" አለኝ።

ባልደረባዬ ከቀያሾቹ የመሣሪያ ሣጥን ይዞት የመጣውን ካሊፐር አውጥቶ በአንድ መልክ የታተሙ ሁለት ጥቅሎችን ለካ። አንደኛው ከ1 ሚሊ ሜትር ያነሰ ሆኖ ጀርባው ስፖንጅ ነበር፤ ሁለተኛው 2 ሚሊ ሜትር ሆኖ ጀርባው ጥቅጥቅ ያለ ነው። ከሩቅ ሲታዩ መንታ ናቸው። የሁለተኛው ዋጋ ከአንደኛው እጥፍ ሊሆን ጥቂት ቀርቶታል። ልጁም የጠየቅነውን ሁሉ ሳይሰለች ስላሳየን፤ ስለ ሐቀኝነቱ በዚህ አጋጣሚ ላመሰግነው እወዳለሁ።

ከዚያ ወጥተን ወደ ሶማሌ ተራ አቅጣጫ ስናልፍ፤ የአውቶቡስና የሚኒባስ ወንበርና ወለል በማልበስ ዕድሜአቸውን የፈጁ አንድ ሽማግሌ ባለሙያ አገኘን። ጉዳያችንን ካስረዳናቸው በኋላ ጥቂት አሰቡና "ልጄ፤ ቤት ቆሞ ይኖራል፤ ይህ የእናንተ ግን ይሮጣል። የሚሮጥ ነገር ደግሞ ይተነፍሳል። ዙሪያውን ጠፍረህ ብታስረው፤ በሙቀት ይነፋል፤ በብርድ ይቀደዳል። ልቀቀው፤ ነገር ግን ጠርዙን ጠብቀው" አሉን። ከብዙ ስብሰባ ያልተገኘ ትምህርት በአንድ ደቂቃ ተገኘ።

ክርክሩ የተነሣው ወደ መሥሪያ ቤት ተመልሰን ሪፖርት ስናቀርብ ነው። የግዢ ክፍሉ ባልደረባችን "ሦስት ፕሮፎርማ ይሰብሰብ፤ ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው ይወሰድ፤ ከዚህ ውጭ ብንሄድ ኦዲተር ይጠይቀናል" አለ። ሰውየው ክፉ አስቦ አይደለም፤ የመንግሥትን ገንዘብ የሚጠብቅበት መንገድ እርሱ ነው። እኔ በበኩሌ ያልሁት፤ ዋጋ የሚወዳደረው እኩያ ከእኩያው ጋር ሲቆም ነው የሚል ነው። በግዢ መጠየቂያው ላይ "የፕላስቲክ ምንጣፍ፤ 14 ካሬ" ተብሎ ብቻ ከተጻፈ፤ ስፖንጅ ያለው ስስ ምንጣፍ ሁልጊዜ ያሸንፋል፤ ኦዲተሩም ምንም ጉድለት አያገኝበትም። ጉድለቱን የሚያገኘው ሌሊት ከአልጋው የሚወርደው ሠራተኛ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት የተደረገውም ይኸው ነበር፤ ሦስቱ ፕሮፎርማ ተያይዞአል፤ ሞዴል 19 ተቈርጦአል፤ ሞዴል 22 ተፈርሞአል፤ ፋይሉ አንዳች እንከን የለውም። ታዲያ የልጅቱን እግር የሰበረው ማን ነው? በፋይሉ ውስጥ ጥፋተኛ የለም፤ የታዘዘው ነገር ምን እንደሆነ በትክክል የጻፈ ሰውም የለም። ዋጋውን እንጂ ዕቃውን የተመለከተው አልነበረምና።

ከብዙ ንግግር በኋላ በአንድ ገጽ ዝርዝር ጽፈን አቀረብን፤ ውፍረቱ ከ2 ሚሊ ሜትር የማያንስ፤ ጀርባው ስፖንጅ ያልሆነ፤ ሲረጥብ የማያንሸራትት ሻካራ ፊት ያለው፤ ናሙናው በመሥሪያ ቤቱ ማኅተም ታሽጎ የሚቀመጥ። በዚህ ዝርዝር መሠረት ሦስት ነጋዴዎች ዋጋ ሰጡ፤ ከሦስቱም ዝቅተኛው ተወሰደ። ሕጉም ተከበረ፤ ዕቃውም ተገኘ። ባልደረባችንም "ለካ ሁለቱ አይጣሉም" ብሎ በደስታ ፈረመ።

አሁን ስለ አነጣጠፉ ልናገር። ይህን የምጽፈው ብዙ አንባብያን በገዛ ቤታቸውም ሊጠቀሙበት ስለሚችሉ ነው።

በመጀመሪያ የሚያፈሰው መስኮት ጎማው ተለውጦ በሲሊኮን ተደፈነ፤ ከዚያም በባልዲ ውኃ ከውጭ እየደፋን አንድ ጠብታ አለመግባቱን አየን። የበሰበሰው ኮምፔርሳቶ ጤነኛ እንጨት እስኪገኝ ድረስ ተቈርጦ ወጣ። ከሥር ያለው ብረት በሽቦ ብሩሽ ተፍቆ የዝገት መከላከያ ቀለም ተቀባ። በምትኩም ውኃ የሚቋቋም ኮምፔርሳቶ ተቈርጦ፤ ጠርዙ ሁሉ ቀለም ጠጥቶ፤ በቪቴ ተጠበቀ። ኮምፔርሳቶ ውኃ የሚጠጣው ይበልጡን በተቈረጠ ጠርዙ በኩል ስለሆነ ይህ ቀለም እንዳይዘነጋ። የቪቴው ራስ ከእንጨቱ በታች መስመጥ አለበት፤ ቀዳዳውና መጋጠሚያው በስቱኮ ተሞልቶ በብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል። ይህ ካልተደረገ ከጥቂት ወራት በኋላ እያንዳንዱ የቪቴ ራስ በምንጣፉ ላይ እንደ ብጉር ወጥቶ ይታያል።

ምንጣፉ ከመርካቶ እንደ መጣ ወዲያው አልተቈረጠም። አንድ ቀንና አንድ ሌሊት በካራቫንዋ ውስጥ ተዘርግቶ ሰነበተ፤ ተጠቅልሎ የቆየ ነገር መጠምዘዙን የሚተወውና የክፍሉን ሙቀት የሚላመደው ሲያርፍ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ?

ስለ አቈራረጡ ደግሞ አንድ ጥያቄ ተነሣ። የጥቅሉ ወርድ 2 ሜትር ነው፤ የእኛ ወለል ግን 2 ሜትር ከ20። ለ20 ሳንቲ ሜትር ሲባል ሌላ 6 ሜትር ጥቅል ይገዛን? በወርዱ በኩል ሦስት ቍራጭ አድርገን ብናነጥፈው 6 ሜትር ከ90 ይበቃ ነበር፤ ነገር ግን ሁለት መጋጠሚያ በሰው መተላለፊያ ላይ ይውላል። ስለዚህ በርዝመቱ 6 ሜትር ከ10 ከግራው ግድግዳ ጀምረን አነጠፍን፤ የተረፈውን 20 ሳንቲ ሜትር ደግሞ ከሌላ 65 ሳንቲ ሜትር ጥቅል በወጡ ሦስት ባለ ሁለት ሜትር ዘርፎች ሞላን። በጠቅላላው የተገዛው 6 ሜትር ከ75 ነው። መጋጠሚያዎቹም በአልጋዎቹ፤ በጠረጴዛውና በቁም ሣጥኑ ሥር ስለዋሉ እግር አይረግጣቸውም፤ ጫማ አይቈሰቍሳቸውም። መጋጠሚያ የማይቀር ከሆነ ሰው በማይሄድበት ቦታ ይዋል፤ ይህ ለማንኛውም ቤት የሚሆን ደንብ ነው።

በሽማግሌው ምክር መሠረት ምንጣፉን ዙሪያውን አልለጠፍነውም። በግድግዳው ሥር 5 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት ትተን በዞኮሎ ሸፈንነው፤ ምንጣፉ ከዞኮሎው ሥር እንደ ልቡ ይወጣል ይገባል። ማስቲሽ የተቀባው በመጋጠሚያው ሥርና በበሩ አፍ ብቻ ነው፤ በበሩ ላይም የአሉሚኒየም ጠርዝ ተመታበት። ስስ ምንጣፍ ቢሆን ኖሮ ሙሉ በሙሉ መለጠፍ ያስፈልገው ነበር፤ ወፍራሙ ግን በራሱ ክብደት ይተኛል። እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር፤ የማስቲሽ ትነት ራስ ያዞራል፤ እሳትም በቀላሉ ይይዛል። በጠባብ ክፍል ውስጥ የሚለጥፍ ሰው በርና መስኮት ይክፈት፤ ሲጋራም ምድጃም አያቅርብ።

ስለ እሳት ካነሣሁ፤ ፕላስቲክ ሲቃጠል የሚያወጣው ጢስ ከነበልባሉ ቀድሞ ሰውን የሚያፍን ነው። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. በሸማ ተራ የተነሣውን ቃጠሎ የመርካቶ ሰው አይረሳውም። በካራቫናችንም በማብሰያው ሥርና ከጀርባው ላሜራ አስመትተናል፤ በቁልቁል የሚወድቅ ፍም ምንጣፉን እንዳያገኘው ነው። ከዚህም የሚበልጥ ነገር አለ። በደጋ የሚያድሩ ሠራተኞች ብርዱ ሲጠናባቸው የከሰል ምድጃ ወደ ውስጥ ያስገባሉ። መስኮቱ በደንብ ተደፍኖ፤ ወለሉ ተጠግኖ፤ ነፋስ የማያስገባ በሆነ ክፍል ውስጥ ከሰል አንድዶ መተኛት ሞትን ጋብዞ ማስተኛት ነው፤ የከሰል መርዝ ሽታ የለውምና አይቀሰቅስም። እኛ ቤቱን ባጠበቅን መጠን ይህ አደጋ ስለሚጨምር፤ በጣሪያው አጠገብ የማይዘጋ መተንፈሻ አስከፍተን ከሰል ማስገባት ክልክል መሆኑን በበሩ ላይ አስጽፈናል። ለብርዱ ግን ክልከላ ብቻ አይበቃምና፤ ለያንዳንዱ አልጋ አንድ ተጨማሪ ብርድ ልብስ እንዲፈቀድ ጠይቀን ተፈቅዶልናል።

ካራቫንዋ ሥራ ከጀመረች እነሆ አንድ በጋና አንድ ክረምት አለፋት። በረሃ ወርዳ ደጋ ወጥታለች። ምንጣፉ አላበጠም፤ አልተቀደደም፤ በየወሩ ዞኮሎው በአንድ በኩል እየተነሣ ሥሩ ይታያል፤ የታየበት ቀንም በመዝገብ ይጻፋል። እግርዋ የተሰበረው ቀያሽም ድና ወደ ሥራዋ ተመልሳለች። መጀመሪያ የገባች ዕለት ምንም ሳትናገር ከበሩ እስከ አልጋው በተረከዝዋ እየመታች ሄደች፤ ከዚያ በኋላ ነው ሻንጣዋን ያስቀመጠችው። ከዚያ የበለጠ የርክክብ ሰነድ ያለ አይመስለኝም።

የከተማ አንባቢ "እኔ ካራቫን የለኝ፤ ይህ ምን ይጠቅመኛል?" ይል ይሆናል። ብዙዎቻችን በኪራይ ወይም በጋራ መኖሪያ ቤት በሊሾ ወለል ላይ እንኖራለን፤ ደመወዝ ሲተርፈንም መርካቶ ሄደን ምንጣፍ እንገዛለን። ምድር ቤት የሚኖር ሰው ከመግዛቱ በፊት ይህን ይሞክር፤ ግማሽ ሜትር ያህል ንጹሕ ላስቲክ በሊሾው ላይ ዘርግቶ አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር አሽጎ ሁለት ቀን ይተወው። ሲገልጠው ሥሩ ጠል ካዘለ ወይም ሊሾው ከጠቈረ፤ ወለሉ ገና እርጥበት ያመጣል ማለት ነው። ምንጭዋን ሳያገኝ ቢያለብሰው ገንዘቡን ለሻጋታ ከፈለ።

ስለዚህ የሚከተለውን አሳብ ለሚመለከታቸው ሁሉ አቀርባለሁ።

1ኛ/ መሥሪያ ቤቶች የወለል ምንጣፍ ሲገዙ ውፍረቱን፤ የጀርባውን ዓይነትና ሲረጥብ አለማንሸራተቱን በጽሑፍ ይዘዙ፤ ናሙናም ያስቀምጡ።

2ኛ/ ለምንጣፍ የሚፈቀደው ገንዘብ ከሥሩ ያለውን ወለል ለመመርመርና ለመጠገን የሚሆነውን ጭምር ይያዝ። ወለሉ ሳይታይ "ታድሶአል" ተብሎ አይፈረም።

3ኛ/ የመርካቶ ነጋዴዎች በየጥቅሉ ላይ ወርዱንና ውፍረቱን ቢጽፉ፤ ጥሩውን ዕቃ የሚያመጣው ነጋዴ ስሱን ከሚያመጣው ጋር በዋጋ ብቻ እየተመዘነ አይጐዳም። ደረጃ የሚያወጡትም መሥሪያ ቤቶች ይህን ቢያስቡበት መልካም ነው።

4ኛ/ ርክክብ ሲደረግ በዚያ ቤት የሚያድሩት ሠራተኞች አንድ ተወካይ ይገኝ፤ ከወረቀቱ ይልቅ ወለሉን የሚያውቀው እርሱ ነውና።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን፤ ሌሎች ካራቫን፤ ኮንቴይነር ቢሮና የመስክ ቤት ያላቸው መሥሪያ ቤቶች አደጋ ሳይደርስ የምንጣፋቸውን ጫፍ ገልጠው ይመልከቱ። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ካቻቢቴና የአምስት ደቂቃ ጊዜ ብቻ ነው። በዚህ ሙያ ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ ባለሙያ ካለም በዚሁ ዓምድ ቢያስተምረን ደስ ይለኛል።

ከከበረ ሰላምታ ጋር፤

አንድ የመንግሥት ሠራተኛ
ከአዲስ ከተማ